ወይ መርፌ ወይ ቢላ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሦስት ነገር ተሰጠኝ፦ ነጭ ጋውን፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የጎማ ቦቲ፣ እና ጫፉ ላይ በክር መቆንጠጫ የታሰረበት ቴርሞሜትር። መቆንጠጫው የላሟ ጭራ ላይ ይያያዛል፤ አለበለዚያ ቴርሞሜትሩ ገብቶ ይቀራል። ይህን ያሳዩኝ የክሊኒካችን ኃላፊ ዶክተር መላኩ ናቸው። ክሊኒኩ ኮልፌ ውስጥ ከመንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት ክፍልና አንድ የከብት መያዣ እንጨት ያለው ግቢ ነበር። እሳቸው ሐኪም፣ እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት። ረዳት ሙቀት ትለካለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ጡንቻ ላይ ትወጋለች። ደም ሥር ላይ መውጋት ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክልክል ነው።

የዚያን ቀን መጀመሪያ የመጣልን ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ በግ ነበር። ባለቤቱ “ዶክተር፣ ቶሎ ይበሉልኝ፣ ሊፈነዳ ነው” ይላል። ዶክተር የበጉን ግራ ጎን መታ መታ አደረጉት። ገብተው መጽሐፍ ገለጡ። ተመልሰው ደግሞ መታ መታ አደረጉት። “እስቲ ትንሽ እንየው” አሉ።

በጉ ትንሽ አልታየም፤ እዚያው ተዘረረ። ባለቤቱ ከወገቡ ቢላ መዘዘና በራችን ላይ አረደው፣ ተሸክሞትም ሄደ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ዶክተር ወደ እኔ ዞረው “መዝግቢ” አሉኝ፤ “በክትትል ላይ ሳለ በባለቤቱ ፍላጎት ታረደ።” መዘገብኩ። አዲስ ነኝ፤ ሥራው እንዲህ ነው ብዬ አመንኩ።

ዶክተር መላኩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ያነበቡትን ግማሹን እኔ ባነብ ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ የደሀ ላም ስትመጣ ፊት አይነሱም። ግን “ከነገሩ ጦም እደሩ” የሚባለው ተረት ለእሳቸው የተተረተ ይመስለኛል። አንድ ነገር በእጃቸው እንዳይሆን የማያደርጉት ነገር የለም።

ባለከብቶቹም ቢሆኑ ከዚያ አይሻሉም ነበር። ከተማ ውስጥ ላም የለም የሚል ካለ ከኮልፌ እስከ አስኮ ከየቆርቆሮው አጥር ጀርባ ምን እንደሚያገሳ ይስማ። ላሟ መብላት ስታቆም አይጠሩንም። “ነገ ይለቃት ይሆናል” ይላሉ። በነጋታው ዘይት ያጠጧታል። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ አረቄ ያጠጣታል። በአራተኛው ቀን ዓይኗ ሲገለበጥ ስልክ ይደውላሉ፤ “ኧረ ቶሎ በይ፣ ምነው ዘገየሽ!” ይሉኛል። እኔ ዘገየሁ! ስንቱን ቀን ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን ታቅፌ ለብቻዬ እንደተሳደብኩ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

የሥራ ባልደረቦቼ የምታውቁትን ለሌላው አንባቢ ልንገር። በጠና የታመመች ላም ፊት ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ መርፌ ወይ ቢላ። እንደ አንቲባዮቲክ ያለ መድኃኒት ከተወጋች ሥጋዋ ለቀናት አይበላም፤ ስለዚህ ቢላው ቀረ ማለት ነው። ሳትታረድ ከሞተች ደግሞ በክት ናት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካትም። በጊዜ ከታረደች ሥጋዋ ለሰፈሩ ይከፋፈልና ባለቤቷ ቢያንስ ለሌላ ጊደር መነሻ ታገኛለች። ለዚህ ነው ባለከብት መጀመሪያ “ምን ሆነችብኝ?” ብሎ የማይጠይቀው። “ከወጋሻት ሥጋዋ ይበላል?” ነው የሚለኝ። በጥያቄው አልፈርድም። የሚያንጨረጭረኝ ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው። “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” ይላል ያገሬ ሰው። በላም ላይ ግን ሁለት ባላ አይተከልም።

ይህን የተማርኩት ሥራ በጀመርኩ በዘጠነኛው ዓመት፣ አስኮ፣ እትዬ ዘይነባ ግቢ ውስጥ ነው።

እትዬ ዘይነባ ባላቸው አልጋ ከያዙ ወዲህ ቤታቸውን ያቆሙት በአንዲት ድቅል ላም ነበር። ወለላ ይሏታል። ጥቁርና ነጭ፣ ስትታለብ ጆሮዋን የምታወዛውዝ፣ ጨዋ ላም። የባላቸው መድኃኒት፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጃቸው ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ከወለላ ወተት ነበር የሚወጣው። ሌላ ምንም አልነበራቸውም።

አንድ ቀን በጠዋት ደወሉልኝ። ወለላ ማታ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ደህና ናት፣ እናትየዋ ግን አልነሳም ብላለች። ዶክተር ቢሮ ሥራ ስለነበራቸው ብቻዬን ሄድኩ።

ስደርስ ወለላ በደረቷ ተኝታ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋለች። ጆሮዋን ያዝኩት፤ በረዶ። ሙቀቷን ለካሁ፤ ወርዷል። ከጡቷ መዳፌ ላይ አለብኩ፤ ወተቱ ንጹሕ፣ ጡቷም ለስላሳ፣ እብጠት የለው። የወተት ትኩሳት ነው። ስሙ ያሳስታል እንጂ ትኩሳት የለውም፤ እንዲያውም ላሟ ትቀዘቅዛለች። ብዙ የምትታለብ ላም ስትወልድ ወተቱ ካልሲየሟን ከደሟ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል፣ ጡንቻዋ ይከዳታል። መድኃኒቱ በአንገቷ ደም ሥር ቀስ እያለ የሚገባ የካልሲየም ጠርሙስ ነው። በጊዜው ካገኘችው ብዙ ሳይቆይ ታገሳለች፣ ትጸዳዳለች፣ ተነስታ ጥጃዋን ትልሳለች። ከፈጠነ ግን ልቧን ቀጥ ያደርገዋል። እጅ ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሁለቱም ነበሩኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ነበረኝ። ደግሞ ካልሲየም ሥጋ አያበላሽም። ሰጥቻት ባትነሳ እንኳ መታረድ ትችል ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው እንግዲህ።

አባባ ሱልጣን ከእኔ ቀድመው መጥተዋል። በሰፈሩ የሚያርዱት እሳቸው ናቸው። እንደ ለሶላት ታጥበው ውዱእ አድርገው፣ ቢላቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ሰው አጥሩ ሥር ቆሟል።

“ጥሩዬ፣ ትድናለች በይኝ” አሉ እትዬ ዘይነባ። ስሜ ጥሩነሽ ነው።

“ትድናለች” ማለት ነበረብኝ። “ሐኪሙን ልጠይቅ” አልኩ።

ደወልኩ። “ዶክተር፣ የወተት ትኩሳት ነው። ካልሲየም ልስጣት?”

“እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?”

“ጆሮዋ በረዶ ነው። ወተቷ ንጹሕ ነው። ትናንት ማታ ነው የወለደችው።”

“የማሕፀን ቁስለትም ሊሆን ይችላል እኮ። እንደዚያ ከሆነ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። እሱን ከሰጠን ሥጋው አይበላም። ባለቤቷ ይስማማሉ?”

“ካልሲየሙን ብቻ ልስጣትና እንያት።”

“ልቧ ቢቆምስ? ገደሏት ይሉናል። አትንኪያት፣ መጣሁ።”

አልነካኋትም። ቦርሳዬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘይነባ በተራቸው ሳንሱሲ ላለው ወንድማቸው ደወሉ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። “እኔ መጥቼ ሳላያት እንዳታርዷት! እንዳትወጓትም! መንገድ ላይ ነኝ።” አዲስ አበባ ውስጥ “መንገድ ላይ ነኝ” ማለት ጫማዬን እየፈለግኩ ነው ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እኛ ግን እውነት መስሎን ጠበቅነው።

ዶክተር የመጡት የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ከተሰገደ በኋላ ነው። ሙቀቷን እንደገና ለኩ። ጆሮዋን እንደገና ያዙ። የዓይኗን ሽፋን ገልጠው ረጅም ጊዜ አዩ። እኔ ጠርሙሱን አውጥቼ በብብቴ ሥር እያሞቅኩት ቆሜያለሁ፤ ቀዝቃዛው አይሰጥማ። “ልጀምር?” አልኳቸው። በእጃቸው ቆዪ አሉኝ።

ከዚያ የሆነውን ስጽፈው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

“የእርስዎ ፈቃድ ምንድን ነው?” አሉ ዶክተር፣ ለእትዬ ዘይነባ።

“እኔ ምን አውቃለሁ ዶክተር፤ ሐኪሙ እርስዎ።”

“ንብረቱ የእርስዎ ነው። ካሉኝ እወጋታለሁ።”

“ትድናለች ካሉኝ ይውጓት።”

“እድል አላት። እርግጠኛ ነኝ ግን አልልም። ማረዱም አይከፋም።”

“ትታረድ ይላሉ?”

“እኔ እረዱ አልልም።”

ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው “ይግቡ፣ አይ እርስዎ ይቅደሙ” ሲባባሉ አይታችኋል? ልክ እንደዚያ። ልዩነቱ መሐል ላይ ላሟ ወድቃ መተኛቷ ነው።

አባባ ሱልጣን ብድግ አሉ። “ኧረ እናንተ ሰዎች! ወይ አክሟት ወይ እረድ በሉኝ። እንስሳም ብትሆን ነፍስ ናት፣ አላህ ዘንድ ይጠየቁባታል።” እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን አነሱ። ወንድማቸው አሁንም መንገድ ላይ ነው።

የከሰዓቱ ሶላት፣ የዐስር፣ አዛን ሲሰማ አባባ ሱልጣን ትንሽ ጠበቁ፤ የሚናገር ሲያጡ ቢላቸውን በርጩማው ላይ አስቀምጠው ወደ መስጊድ ሄዱ። ምን ያድርጉ? ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል።

ወለላ ወዲያው በጎኗ ተዘረጋች። ሆዷ ተነፋ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ። እትዬ ዘይነባ “ያ አላህ! ልትሞትብኝ ነው!” ብለው ጮኹ። አሁን ሁሉም ሰው ተናጋሪ ሆነ። ጎረቤታቸው ታደሰ በርጩማው ላይ ያለውን ቢላ አፈፍ አድርጎ “እኔ ልባርካት?” አለ።

“አንተ ከባረክማ እኛ አንበላውም” አለ አንዱ።

“ለክርስቲያኑ ይሁን እንጂ! ከምትሞት!”

“ግማሹ ሰፈር ሙስሊም ነው፤ ማን ይጨርሰዋል?”

“ኧረ አባባን ጥሩ!”

አንድ ሰው ወደ መስጊድ ሮጠ። ታደሰ ቢላውን እንደያዘ እትዬ ዘይነባን ያያል፣ እትዬ ዘይነባ ዶክተርን ያያሉ፣ ዶክተር ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔስ? እኔ ጠርሙሱን በብብቴ እንዳቀፍኩ ዶክተርን አያለሁ። ሞተች።

አባባ ሱልጣን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ገቡ። ወለላን አዩ። ቢላውን ከታደሰ እጅ ተቀብለው በጋዜጣው መልሰው ጠቀለሉት።

ወንድምየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ “ምነው ቀደም ብላችሁ ሳታርዷት!” ብሎ ይጮኽብናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያን ሰው በቦቲዬ ብመታው ምኞቴ ነበር። ግን በምን አፌ? እኔም እንደ እሱ ነበርኩ፤ እሱ ሳንሱሲ ሆኖ ነው ያልወሰነው፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ።

ዕቃዬን ስሰበስብ እትዬ ዘይነባ አጠገቤ መጡ። አላለቀሱም። ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ ነው።

“መድኃኒቷ ይሄ ነበር?”

“አዎ።”

“ጠዋት ስትመጪ ይዘሽው ነበር?”

“አዎ።”

“እንደሚያድናትስ ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ወለላን በገመድ ጎትተው ጭነት መኪና ላይ ጫኗት። በክት ስለሆነች ከሰፈሩ ራቅ አድርገው ይቀብሯታል።

ክሊኒክ ስንደርስ ዶክተር መዝገቡን ገልጠው “በክትትል ላይ ሳለች ሞተች” ብለው ጻፉ። ያኔ የታፈነው ሁሉ ገነፈለ። “ምን ክትትል ዶክተር? ላሟ ስብሰባ ላይ ነው የሞተችው!” አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር።

“ጥሩነሽ፣ ተረጋጊ። እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም።”

“እሱን ነው እኮ የምልዎት!”

ደነገጡ። ብዕራቸውን ከደኑ። የወተት ትኩሳት መሆኑን ካረጋገጥኩ እሳቸውን ሳልጠብቅ ካልሲየም እንድሰጥ በጽሑፍ እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅኳቸው። “ላስብበት” አሉኝ። ጡረታ እስኪወጡ አሰቡበት። ከወጡ ወዲህም እያሰቡበት ይሆናል።

እኔ አልጠበቅኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ጮክ ብዬ መናገር ሆነ። “ላሟ የያዛት ይሄ ነው። የምሰጣት ይሄ ነው። ሥጋዋ ይበላል፣ ወይም አይበላም። ብትነሳ ተነሳች፣ ባትነሳ የወጋኋት እኔ ነኝ።” የማድናት ካልመሰለኝ ደግሞ “አራጅ ጥሩ፣ አሁኑኑ” እላለሁ። በዚህ ምክንያት ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ሁለቱንም ፈርሜ ተቀብያለሁ። ስንት ላም ከወደቀችበት ስትነሳ አየሁ! የሰው ግቢ ውስጥ ብቻዬን እልል ያልኩበት ቀን አለ።

ሳልሳሳት የኖርኩ አይምሰላችሁ። ሳንሱሲ ውስጥ የአቶ ደበላን ላም እጄ ላይ ገድያለሁ። ልቧ የደከመ ነበር፣ እኔም ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ ያዝኩት፣ ካልሲየሙ ፈጥኖ ገባ። መርፌው ሳይነቀል ጸጥ አለች። አቶ ደበላ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ “ገደልሽብኝ! ማን ሐኪም ነሽ አለሽ?” አሉኝ። “ገድያታለሁ። ፈጥኜ ሰጠኋት” አልኳቸው። ረገሙኝ፣ ቆሜ ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ የደም ሥር መርፌ ስይዝ በሌላ እጄ የልብ ማዳመጫውን ከደረቷ ላይ አላነሳም። ከወራት በኋላ የሌላ ላማቸው ጥጃ አልወጣ ሲል የደወሉት ለእኔ ነው። “አሁንም ተናድጄብሻለሁ” አሉኝ፤ “ግን ነይ።” ሄድኩ። ጥጃው በሕይወት ወጣ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አስኮ ታክሲ ተራ ላይ እትዬ ዘይነባን አገኘኋቸው። አርጅተዋል። የበደሉት ሰው ሰላምታ ሳይነፍግ ሲቀር ፊቱ መቆም ይከብዳል፤ ጉንጬን ሦስቴ ሳሙኝ። ባላቸው አርፈዋል። ጥጃዋን በወተት እጦት ማሳደግ አልተቻለም፣ ሸጧት። ልጃቸው ትምህርቷን አቋርጣ ዓረብ አገር ሄዳለች። እሳቸው የሰው ልብስ ያጥባሉ፤ እጃቸው በሳሙና ተልጧል።

“እትዬ፣ ያን ቀን...” ብዬ ጀመርኩ።

“ተይው ጥሩዬ” አሉ። ግን ራሳቸው ቀጠሉ። “ምን እላለሁ መሰለሽ፣ ያን ቀን ወግተሽ ገድለሻት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር ወላሂ። አንቺን ረግሜሽ፣ ተናድጄብሽ፣ በኋላም ይቅር ብዬሽ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ሌሊት ስነቃ እረድ ያላልኩት እኔ፣ ውጊ ያላልኩት እኔ። ራሴን እንዴት ብዬ ይቅር ልበል?”

ታክሲው መጣ። እሳቸው ገቡ፣ ለእኔ ቦታ አልነበረም። ተራዬን እየጠበቅኩ አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት።

ከእኔ በኋላ ቦቲውን ለምታጠልቁ የምለው ይህ ነው። የምታውቁትን ገና ስትደርሱ የላሟ ባለቤት ፊት ተናገሩ። ትድናለች ካላችሁ ስጡ፤ አትድንም ካላችሁ እረዱ በሉ። ትሳሳታላችሁ፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ወለላ ግን በማንም ስህተት አልሞተችም። ከጠዋት እስከ ዐስር እየጠበቅን ሞተች።